የወንዶቹን ቴሌቪዥን ማን አበላሸው

ወንድ ያጠፋውን ለሴት ማሸከም የት አገር የሌለ ነገር ነው? በእኛም መንደር አለ። ከባሕሩ ዳር፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ማሳ በላይ፣ አዛውንቶች የሚውሉበት አንድ ቤት አለን። ቤቱ አንድ ይሁን እንጂ መሀሉ ላይ ግድግዳ ገብቶበታል፤ ወዲህ የሴቶች ክፍል፣ ወዲያ የወንዶች ክፍል። ወጥ ቤቱ በሴቶች በኩል ነው። ትልቁ ቴሌቪዥን በወንዶች በኩል ነው። እንዲህ ይሁን ብሎ ያዘዘውን ሰው የሚያውቅ የለም፤ ግን ሩዙ ሲበስል በየትኛው በር እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል።

የወንዶቹ ቴሌቪዥን የበር መዝጊያ ያክላል። ከመንደራችን ወጥቶ ቡሳን ከተማ የመረብ ፋብሪካ ያቆመው ቻንሶፕ የላከው ነው፤ ስሙ የተጻፈበት ቀይ ጥብጣብ እስካሁን ከጠርዙ አልተፈታም። የሴቶቹ የትሪ ታህል አሮጌ ናት። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ድራማው ሲጀምር ያቺን ትሪ ከበው ቁጭ ሲሉ፣ ሴቶቹ ከቤተ መንግሥት የተጠሩ ይመስላቸዋል።

የቤቱ ቁልፍ ያለው ኦክዳን ዘንድ ነው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ጎህ ሲቀድ መጥታ የምትከፍት፣ የሁለቱንም ክፍል ወለል የምትወለውል፣ ምሳውን የምታበስል እርሷ ናት። በንጽሕና የሚወዳደራት የለም። ለዚህም ደግሞ የታወቀች ዘዴ አላት፤ ተጠጥቶ የተረፈ ሶጁ እርሷ ዘንድ አይደፋም። በዚያ አረንጓዴ ጠርሙስ ቂጥ የቀረችውን አረቄ ታጠራቅምና የምድጃውን ቅባት፣ የመስኮቱን መስታወት፣ የማቀዝቀዣውን እጀታ በተጨማደደ ጋዜጣ ትፈትግበታለች። መንደሩ ሁሉ ከእርሷ ነው የተማረው። ለሠርግ ምጣድ ያዋሰች ሴት እንኳ ምጣዷን ስትቀበል አሽትታ «ኦክዳን ዘንድ ነበር» ትላለች።

አዲስ ዓመት እየተቃረበ ነበር። ኦክዳን ለምሳ ነጭ ራዲሽ የሚሉትን ሥር አትክልት እየከተፈች ሳለ የወንዶቹ ክፍል ተንሸራታች በር ተከፈተና ፒልጉ ጮኸ።

«እትዬ! እስቲ ወዲህ ብቅ ይበሉ!»

ፒልጉ የአዛውንቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ለሟች ባሏ የአጎት ልጅ ነው። ኦክዳን በሙሽርነት ወደዚህ መንደር ስትመጣ ንፍጡ ከንፈሩ ላይ የደረቀ ሕፃን ነበር፤ አሁን ከረባት ያስራል።

እጇን በሽርጧ እያደረቀች ገባች። ፒልጉን ጨምሮ አምስት ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱም ቀና ብሎ አላያትም። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ዜና አንባቢዋ ግን ፊት የላትም። ከመሀል ላይ የብርድ ቀን መስኮት ላይ እንደተተነፈሰ ትንፋሽ ያለ ነጭ ጉም ተዘርግቶ፣ ሴትዮዋን ከአንገቷ በላይ ውጧታል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«እሱንማ እኛ ነን የምንጠይቅዎ» አለ ፒልጉ። «ትናንት ማታ ደህና ነበር። ዛሬ ጠዋት ቤቱን የከፈቱት እርስዎ ነዎት። የጠረጉት እርስዎ ነዎት። ቀረብ ብለው ያሽትቱት እስቲ።»

ቀረበች። ሶጁ ይሸታል።

«እና?»

«እናማ! በዚህ መንደር ዕቃ በሶጁ የሚያጥብ ማነው? ሕፃን እንኳ ቢጠየቅ ይናገራል።»

ኦክዳን ደሟ ወደ ጆሮዋ ወጣ። «ስማኝ ፒልጉ። ሶጁ ለቅባት ነው። ለአቧራ ሶጁ የሚያፈስ ወይ እብድ ነው ወይ ሰካራም ነው። እኔ የእናንተን ቴሌቪዥን በደረቅ ጨርቅ አቧራውን አንስቼ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ ነክቼው አላውቅም። ቆጥቤ ያስቀመጥኩትን ሶጁ እዚህ ላይ የማፈሰው ቻንሶፕ ሊያገባኝ ነው?»

አንዱ ሽማግሌ ሳያስበው ሳቀና ወዲያው አፉን ዘጋ። ዳልሱ ነበር። ጥርስ የለውም፤ ሲስቅ ይታወቃል።

«እትዬ፣ እድሜ ነው፤ ይረሳል» አለ ፒልጉ ድምፁን አለዝቦ። ይህ ልዝብነቱ ከጩኸቱ ይልቅ አንጀቷን አቆሰላት። «ማንም አይቆጣዎትም። ግን ቻንሶፕ እንደ አገሩ ደንብ ለአዲስ ዓመት ሊሰግድልን ይመጣል። ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይኼንኑ ነው። ስለዚህ ተነጋግረናል። እርስዎ ፊቱ ቀርበው ‘ሳላውቅ አጠፋሁ’ ይላሉ። እስከዚያው ደግሞ የሴቶቹ ቴሌቪዥን ወደዚህ ይዛወራል።»

«ምን አልክ?»

«ያበላሸችው ሴት ናት፤ ሴቶች ይተካሉ። ፍርድ ነው።»

«ዳኛው ማነው?»

 አምስት ወንድ ጉልበቱን ይመለከታል።

ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ቢላዋውን አነሳች። ማልሱን፣ ከእርሷ በዕድሜ ታናሽ የሆነችው ጎረቤቷ፣ የአኩሪ አተር ቡቃያ እየለቀመች ሁሉንም በግድግዳው በኩል ሰምታለች።

«እትዬ፣ ምናለበት ይቅርታ ብትያቸው?» አለች ማልሱን። «አፍ አይቀደድም። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ነገሩን መጨረስ ነው።»

«ያላደረግሁትን?»

ማልሱን ቡቃያውን አገላበጠች። «እሺ፣ አንቺ ካልሆንሽ ማን ይሆናል ታዲያ? እስቲ ሶጁ…»

ኦክዳን ቢላዋውን አስቀመጠች። የወንዶቹ ክስ ከፊት የመጣ በትር ነበር፤ ይኼኛው ከኋላ መጣ። ከማልሱን ጋር በአንድ ጀልባ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ቅርፊት ለቅመዋል፣ በአንድ ሌሊት ልጅ ወልደዋል። እና እርሷም ክሱን ታምናለች።

«ራዲሹን ጨርሺው» አለቻት።

በማግስቱ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ከወረዳው ከተማ መጣ። ትንሽ ባትሪ አብርቶ በጎን በኩል አየ፣ በጥፍሩ ጫፍ ዳሰሰ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«ይኼ ቆሻሻ አይደለም» አለ። «ተልጦ ነው። ከላዩ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የተቀባ ስስ ሽፋን አለው፤ አልኮል በላው። በዚያ ላይ በሻካራ ነገር ተፈትጓል፤ ጋዜጣ ሳይሆን አይቀርም። ዙሪያውን ተመልከቱ፣ ጭረት ብቻ ነው። ይህ አይጠገንም።»

«አላልኩም?» አለ ፒልጉ በድል አድራጊነት። «አልኮል! ጋዜጣ! የማን ሥራ ነው ይኼ?»

ኦክዳን ፒልጉን ትታ ጠጋኙን ጠየቀችው። «ልጄ፣ በምን ነው ታዲያ የሚጠረገው?»

«መጀመሪያ ያጠፉታል፣ ከሶኬቱም ይነቅሉታል። እስኪቀዘቅዝ ይተዉታል፤ ጥቁር ሲሆን ቆሻሻውም ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ የመነጽር መጥረጊያ በመሰለ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ሳይጫኑ፣ ጢም እንደሚዳስስ ሰው። አልለቅ ካለ ጨርቁን በንጹሕ ውሃ ነክረው፣ ጠብታ እስከማይወጣው ጨምቀው፣ በእርጥቡ ያብሱና በደረቅ ያደርቁታል። ውሃ ቴሌቪዥኑ ላይ አይረጭም፤ በጠርዙ ወርዶ ውስጡን ያቃጥለዋል። ሶጁ፣ የመስታወት ፈሳሽ፣ ጋዜጣ፣ የወጥ ቤት ወረቀት፣ አንዱም አይነካውም። የልጅ ልጆችዎ ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው።»

ኦክዳን ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ዞር አለች። ለበዓሉ የሴቶቹን ትንሽ ቴሌቪዥን እፈትግበታለሁ ብላ ያስቀመጠችው ግማሽ ጠርሙስ ሶጁ በዚያች ሰዓት ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ቆሟል። ሴቶቹ ድራማ ሲያዩ እየጠቆሙ የቅባት ጣታቸውን አትመውበት ነበርና። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ግን ሌላ ነገር አሰበች፦ ሶጁ የሚያስነሳው በጨርቅ አልለቅ ያለ ነገር ሲኖር ነው። በወንዶቹ ቴሌቪዥን ላይ ምን ነበር የተለጠፈው? ከወጥ ቤቱ ርቆ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ቅባት ከየት መጣ?

«ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ደፍታችሁ ነበር?» አለች ወደ አምስቱ ዞራ።

ዝም።

«ጠየቅሁ እኮ!»

«እትዬ፣ ነገር አያጣሙ» አለ ፒልጉ፣ ጆሮው ግን ቀላ። «ልጆች፣ ትንሿን ቴሌቪዥን አምጧት።»

«ልጆች» ያላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ተነሥተው ወደ ሴቶቹ ክፍል አለፉ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ግራና ቀኝ ሸሹ። አንደኛው ገመዱን ሊነቅል ሲጎነበስ ከቴሌቪዥኗ ፊት ዘጭ ብሎ የተቀመጠ ሰው አገኘ። ማልሱን ናት። እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኗ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ተነሺ እንጂ» አለ።

«ጉልበቴን ያመኛል» አለች። «ተሸክማችሁ አንሡኝ፤ ወገባችሁ ከቻለ።»

ሴቶቹ ተንጫጩ፤ ሳቅም ነበረበት። ሽማግሌው ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ኦክዳን በሩ ላይ ቆማ ማልሱንን አየቻት፤ ማልሱን ግን አንገቷን ሰብራ ወለሉን በጥፍሯ ትጭር ነበር። ትናንት ያለችው ነገር አሳፍሯታል። ኦክዳን ይህንን አይታ ገባት። ሽርጧን ፈታ፣ አጣጥፋ፣ ጋዙን በእጇ ዘጋችው። ድስቱ ላይ የነበረው ሾርባ መፍላቱን አቆመ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለውም እንዲሰማ፣ «ከዚህ ምድጃ ለወንዶች ክፍል አንድ ማንኪያ አይሄድም። ያጠፋው ሰው እኔ ያበሰልኩትን እየዋጠ እኔን ያስከስሳል። አፉ የሚከፈተው ለጉርሻ ብቻ ከሆነ፣ ጉርሻውም ይቅርበት!»

ሌሎቹም ሴቶች ሽርጣቸውን ፈቱ። አንዳንዶቹ ለእርሷ ብለው ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ማብሰል ስለሰለቻቸው ነው። እኔ እውነቱን ነው የምናገር።

እንግዲህ ወንዶቹን ማየት ነበር። ምድጃ እንዴት እንደሚለኮስ የሚያውቅ አንድ ጠፋ። የፓኮ ፓስታ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ በፈላ ውሃ እያራሱ፣ ጠዋትም ያንኑ፣ ምሳም ያንኑ ዋጡት። በበርበሬ የሚቦካው የጎመን ማባያ፣ ኪምቺው፣ የሴቶቹ ነውና ኪምቺ እንኳ የላቸውም። ፒልጉ ከረባቱን ሳይፈታ ፓስታውን ሲምግ ቀዩ መረቅ ሸሚዙ ላይ ተረጨ። በወዲያኛው ክፍል ግን የደረቀ ፖላክ ዓሣ ሾርባ ይሸታል፤ ነጭ ሽንኩርትና የሰሊጥ ዘይት በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ አፍንጫቸው ድረስ ይሄዳል። ኦክዳን ሆን ብላ የወጥ ቤቱን መስኮት ዘግታዋለች፤ ሽታው ወደ ውጭ ባክኖ እንዳይቀር።

ዳልሱ መጀመሪያ ተሸነፈ። በጓሮ በር መጥቶ ጫማውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«እትዬ ኦክዳን… የሾርባው ሽታ…»

«አፍንጫህን ያዝ።»

«ጥርስ የለኝም እኮ። ያ ፓስታ ጉሮሮዬን ሲወጋኝ ዋለ።»

«ጥርስ ባይኖርህ ምላስ አለህ። ምላስህ ምን ትሠራለች?»

ዳልሱ ዙሪያውን አየ። «ፒልጉ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ካርታ ስንጫወት አሸነፈና ካርታውን መሬት ላይ ሲያጮኸው፣ ክርኑ የሩዝ ጠላውን ሳህን መታው። ጠላው ቴሌቪዥኑ ላይ ተረጨ። በእጁ ጠረገው፣ ተጣበቀ። ከዚያ ‘ኦክዳን እንደምታደርገው እናድርግ’ ብሎ የተረፈውን ሶጁ በጋዜጣ… ፈተገው፣ ፈተገው። ጉም ሆነ። እና… ለማንም እንዳንናገር ተባባልን።»

«አምስታችሁም አይታችኋል?»

«አምስታችንም።»

ኦክዳን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ፒልጉ እንዳደረገው በልቧ ትጠረጥር ነበር፤ ያስቀመጣት እርሱ አይደለም። አምስት ሰው ነው ያስቀመጣት። አምስት ሰው አይቶ፣ አምስት ሰው ራዲሽ ስትከትፍ ሰምቶ፣ አምስት ሰው ጉልበቱን ተመልክቶ ዝም አለ። ‘ያሳደጓቸው እናቶች አፈር ይቅለላቸው’ አለች በሆዷ፣ ‘ይህን ሳያዩ ሞቱ።’

«ስለነገርኩሽ ትንሽ ሾርባ…»

«ለእኔማ የነገርከኝ የማውቀውን ነው። እኔ እንዳልነካሁት እኔ አውቃለሁ። ሄደህ እዚያ ተናገር፤ ፒልጉም እየሰማ፣ ሴቶቹም እየሰሙ። ሾርባው አይቀዘቅዝም።»

«ይገድለኛል እኮ!»

«በረሃብ ከምትሞት በፒልጉ ብትሞት ይሻላል። መቃብርህን እኔ አሳምርልሃለሁ።»

ዳልሱ ጫማውን እንደያዘ ወጣ። ሴቶቹ በግድግዳው ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ። መጀመሪያ ማጉረምረም፣ ቀጥሎ የፒልጉ «ዝም በል!»፣ ቀጥሎ የዳልሱ ድምፅ፣ እንደ ሕፃን ልቅሶ ቀጭን ሆኖ፦ «አልበዛም እንዴ! ሴትዮዋ ምን አደረገችን! የደፋኸው አንተ፣ የፈተግኸው አንተ!»

ማልሱን ጆሮዋን ከግድግዳው አንሥታ ኦክዳን ፊት መጣች። «እትዬ…»

«ሾርባ ቅጂለት» አለች ኦክዳን። «ዓሣውን ፈርፍረሽ፤ ጥርስ የለውም።»

በዚያው ቀን ሳይመሽ ፒልጉ ራሱ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ መስሏት ነበር። ተቀመጠ፣ ከረባቱን አስተካከለ፣ አጠገቧ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ሆነ፣ እሺ። አደጋ ነው፤ ማንንም የሚያጋጥም። ግን ያስቡት እስቲ። እኔ ሊቀመንበር ነኝ። ቻንሶፕ ፊት ‘ሰክሬ ደፋሁበት’ ብል የመንደሩ ክብር ምን ይሆናል? እርስዎ ግን አሮጊት ነዎት፤ አሮጊት ላይ ማን ይቆጣል? ‘አላወቅሁም’ ቢሉት ይስቅና ያልፈዋል። ቴሌቪዥናችሁንም አንወስድም። ቃሌ ነው።»

 ኦክዳን ሳቀች፤ ደስታ ግን አልነበረበትም።

«ፒልጉ፣ ንፍጥህን በቀሚሴ የጠረግሁልህ እኔ ነኝ። ያኔም ታጠፋና በበጉ ታሳብብ ነበር። በጉስ አይናገርም። እኔ ደግሞ ያልተናገርኩበት ቀን አለ? የመንደሩ ክብር ትላለህ! የመንደሩ ክብር በእኔ ስም የሚታጠብ የምጣድ ጥቀርሻ ነው? እኔ ማንበብ አልችልም፣ ባንክ ገብቼ አላውቅም፣ ልጆቼም አንዳቸው ሀብታም አልሆኑም። ያለኝ ስሜ ነው፤ ‘ኦክዳን ንጹሕ ናት’ የሚባል። እሱን ለአንተ ከረባት አልሰጥህም። ቻንሶፕ ሲመጣ የአዲስ ዓመቱ የሩዝ ቂጣ ሾርባ እንዲቀርብለት ትፈልጋለህ? እንግዲያስ በራስህ አፍ፣ በእግርህ ቆመህ ትነግረዋለህ። ካልነገርከው ፓስታህን አርሰህ አብላው።»

ፒልጉ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ።

አዲስ ዓመት ሆነ። ቻንሶፕ ከሚስቱ ጋር በአዲስ መኪና መጣ፣ ለሽማግሌዎቹ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደ፣ ለሴቶቹም በተራቸው ሰገደ። ሾርባው ምድጃ ላይ ተጥዶ ነበር፤ ኦክዳን ግን አልቀዳችም። ጭልፋውን ይዛ በመሀል በሩ ላይ ቆመች። ፒልጉ አያት፣ ጭልፋውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቻንሶፕ፣ ልጄ፣ ያ ቴሌቪዥን… እኔ ነኝ። ጠላ ደፍቼበት በሶጁ ፈተግሁት። እትዬ ኦክዳን… እ… እጇ የለበትም።»

ቻንሶፕ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ጉሙን አየና በሳቅ ፈነዳ።

«ለዚህ ነው እንዴ ፊታችሁ የጠቆረው? ቴሌቪዥን ነው እኮ! ሌላ እልካለሁ። የሚመጣው ሳምንት እልካለሁ።»

ወንዶቹ ከታሰሩበት እንደተፈቱ ሁሉ ሳቁ። ፒልጉም ሳቀ፣ ከሁሉም አስበልጦ። ሾርባው ተቀዳ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ሁሉም ነገር እንዳልነበረ ሆነ። ያልሳቀችው ኦክዳን ብቻ ናት። ቴሌቪዥኑማ ተተካ! እንደ ቀላል ነገር፣ በአንድ ሳቅ። ለዚህ ለሚተካ ነገር ነበር እርሷን በጠራራ ፀሐይ ሊሸጧት የነበረው። ከአምስቱ አንዱ እንኳ «አስቀየምንሽ» ያላት የለም።

«እንግዲህ አዲሱን የሚጠብቀው ማነው?» አለ ቻንሶፕ አፉን እየጠረገ። «በደንብ የሚያጸዳው ሰው ያስፈልጋል።»

አምስቱም ራሶች በአንድ ላይ ወደ ኦክዳን ዞሩ፤ የሱፍ አበባ ወደ ፀሐይ እንደሚዞር።

ኦክዳን ባዶውን ድስት አነሣች።

«ስሙ» አለች። «ታጠፉታላችሁ፣ ከሶኬቱ ትነቅሉታላችሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃላችሁ። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ሳትጫኑ። ካልለቀቀ ጨርቁን በውሃ አርጥባችሁ ትጨምቁታላችሁ፤ ጨርቁን ነው ያልኩት፣ ቴሌቪዥኑን አይደለም! ሶጁ የለም። ጋዜጣ የለም። ይኸው፣ እኔ የማውቀውን ሁሉ አወቃችሁ። አምስት ሰው ናችሁ፣ ዐሥር እጅ አላችሁ። ለመደበቅ የተባበራችሁ ለመጥረግም ተባበሩ።»

በሩን ስባ ዘጋችው። ወዲህ ማልሱን ትንሿን ቴሌቪዥን አጥፍታ፣ የመነጽሯን ጨርቅ አውጥታ ተቀምጣለች።

«ቀዝቅዛለች» አለች። «ልጥረጋት?»

«ቀስ ብለሽ» አለች ኦክዳን።

አዲሱ የወንዶቹ ቴሌቪዥን መጥቷል፤ ከቀድሞውም ይሰፋል። የሚጠርገው ግን እስካሁን አልተገኘም። አቧራው ጣት ያስገባል። ወንዶቹ በአቧራው ውስጥ እያጮለቁ ዜና ያያሉ፣ ፒልጉም ከረባቱን አስሮ መሀል ይቀመጣል። ኦክዳን ጠዋት ጠዋት ወለሉን ስትወለውል በዚያ በኩል ታልፋለች፤ ታየዋለች፤ እጇን ግን አታነሣም። ወደፊትም አታነሣም።